የሕልም ሰሌዳዬና የፋዲላ መህር

በሸዋ ሮቢት፣ ከወንዙ ድልድይ እስከ መናኸሪያው ድረስ ቢፈለግ፣ የምትፈልገውን ነገር ጥርት አድርጋ የምታውቅ ሴት አንድ ብቻ ናት፤ እሷም እኔ ሩዋይዳ ነኝ። ስቃችሁ ከሆነ ጨርሱና ልቀጥል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ማቋረጤ እውነት ነው፤ ግን ዲግሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጦ፣ እኛ በር ላይ በሰው ባጃጅ ውስጥ ተኝቶ የሚውለውን ቢኒያምን «ምን ትፈልጋለህ?» በሉት እስቲ። «እንጃ» ነው የሚላችሁ። እናቴን ብትጠይቋት «ጤና» ትላለች፤ ጤና ደግሞ ሰው ሌላ የሚለው ሲያጣ የሚለው ነው። እህቴን ፋዲላን ብትጠይቋትማ ጭራሽ መልስ የለም፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ ግን የምፈልገውን ቆርጬ፣ ለጥፌ፣ ግድግዳ ላይ አድርጌዋለሁ።

ቪዥን ቦርድ ነው የሚባለው። በፋዲላ ስልክ ነው ያየሁት። አንዲት ጥፍሯን ያሳደገች ልጅ እንዲህ እያለች ታስረዳለች፦ የምትፈልጉትን ነገር ፎቶ ከመጽሔት ትቆርጣላችሁ፣ ሰሌዳ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሱ ታዩታላችሁ፣ ልባችሁም የራሱ እንደሆነ አድርጎ ይለምደዋል፣ ከዚያ ነገሩ ራሱ መንገዱን ፈልጎ ይመጣል። እኔ የሕልም ሰሌዳ ብዬ ስም አወጣሁለት። ችግሩ ሮቢት ውስጥ መጽሔት የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከተማውን ዞርኩ። ከባንክ ቤቱ ደጃፍ «ቆጥበው ይሸለሙ» የሚል ወረቀት ወድቆ አገኘሁ፤ እሱ ላይ ነጭ መኪና፣ ባጃጅና ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ነበረበት። ከቀለም መሸጫው የአምና ካላንደር ላይ ባለ ፎቅ ቤት ወሰድኩ። የተዘጋው ጸጉር ቤት በር ላይ ዝናብ የገነጠለው ፖስተር ነበር፤ ከእሱ እስከ ክርኗ ወርቅ ያሰረች ሙሽራ አወጣሁ። የዳይፐር ካርቶን ላይ ሁለት ወፍራም ሕፃናት፣ የከብት መድኃኒት መሸጫው በጣለው ወረቀት ላይ ደግሞ ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ ላም። ከሂጅራው ካላንደር የመካን ፎቶ ቆረጥኩ፤ እሱ ለእናቴ ነው፣ ለሐጅ። ሁሉንም በትልቅ ካርቶን ላይ ደርድሬ፣ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኢንሻ አላህ በዚህ ዓመት!» ብዬ ጻፍኩበት። ስሜን አልጻፍኩም። የማን እንደሆነ አላህ ያውቀው የለ!

ሙጫ በእኛ ቤት አይገዛም። የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጬ እሳት ላይ አማሰልኩና ጠንከር ሲል የካርቶኑን ጀርባ ሙሉውን ቀብቼ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ጓዳ ያላደረግኩት የጓዳው ግድግዳ የምስጥ ስለሆነ ነው፤ ሕልሜን ለምስጥ አላበላም። እማ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ ድስቱን አየች፣ ቀጥላ ግድግዳውን አየች፣ እንደገና ድስቱን አየች። «የዱቄት ኪሎ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ሰሌዳው ሲሠራ በኩንታል ነው የምገዛልሽ» አልኳት። ፋዲላ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ መቅናቷ መስሎኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ያለፈው ሳምንት ነው። ዛሬ ጠዋት ስነቃ እማ የተበላሸውን ቴሌቪዥናችንን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ጓዳ ስታስገባ አየኋት። ቴሌቪዥኑ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን እንግዳ ሲመጣ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ዛሬ ግን ወጣ። ቀጥሎ እግሩ የተሰበረውን ወንበር አወጣች። ቀጥሎ ከመጅሊሱ ፍራሽ ላይ የተቀደደውን መከዳ አነሳችና አገላበጠችው፤ ወደ ጓዳ ጣለችው። ሳሎናችን ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጭቃ ቤት ነው፤ ዙሪያውን ፍራሽ፣ መሀሉ ላይ ምንጣፍ፣ ጥጉ ላይ ቬንትሌተር፣ ወደ ጓዳው የሚያስገባው በር ላይ መጋረጃ። ዕቃ ሲወጣለት ደግሞ ምንም ያልነበረው ቤት ባሰበት። «ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት፣ «ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ የሚመጡ አይደለም እንዴ፤ የተሰበረ ካዩ ‹ግዙልን› የምንል ይመስላቸዋል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ወገን ወግ ሴት ወገን ለመህር፣ ወንዱ ለሙሽራዋ ለሚሰጣት፣ «ይህን ያህል ይሁን» ብሎ አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ነውር ነው። የወንድ ወገንም «ምን እንስጥ?» ብሎ አይጠይቅም፤ እሱም ነውር ነው። ታዲያ እንዴት ይግባባሉ ብትሉ፣ ሽማግሌ በዐይኑ ነው የሚጠይቀው። ተቀምጦ ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ እህል ዋጋ ያወራል፣ በመሀል ዐይኑን በቤቱ ውስጥ ያንሸራሽራል፤ ምን እንደጎደለ፣ ምን እንደተሰበረ፣ ሰዎቹ ምን እንደሚያከብሩ ያያል። ያየውን ይዞ ይመክርና ይቆርጣል። እናቴ ስትዳር የአያቴ ቤት ውስጥ አንድ ጎማው የወለቀ የአህያ ጋሪ ቆሞ ነበር አሉ፤ አባቴ ጋሪ ገዝቶ ነው ያገባት። እማ ይህን ስትናገር እስከ ዛሬ ፊቷ ይቀላል፤ «በጋሪ ተሸጥኩ» ትላለች። ለፋዲላ እንዲህ እንዲሆን አልፈለገችም። በተለይ ለፋዲላ።

ምክንያቱም ፋዲላ ሽማግሌ የላከባትን ኑዕማንን ትወደዋለች። አልነገረችኝም፤ እሷ ምን ትናገራለች። ግን እናቴና ፋዲላ መጋዘን ውስጥ ማሾ ለቃሚ ናቸው፤ እኔም ሥራ ሲበዛ እሄዳለሁ። ኑዕማን ከጀውሃ በአይሱዙ ማሾ ጭኖ ሲመጣ እህቴን አይቻታለሁ። እጇ ከማንም የፈጠነች ልጅ፣ ያንኑ ጠጠር አንስታ መልሳ እዚያው ትጥለዋለች። ቤቱ ጸጥ ሲል ደግሞ፣ ጓዳ ውስጥ እኔና እሷ በምንተኛበት ፍራሽ ላይ ሌሊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ትስቃለች። የመጀመሪያው ሽምግልና በደህና አልፏል። የዛሬው መቁረጫው ነው። ዛሬ ከተበላሸ ነገሩ ተበላሸ፤ በእኛ ዘንድ ተመልሶ የሚመጣ ሽማግሌ የለም።

እማ ሁሉን ካወጣች በኋላ ግድግዳው ፊት ቆመች። «ይህንንስ?» አለች። «አውርጂው።» ጫፉን ይዤ ሳብ ሳደርገው የግድግዳው ልስን አብሮ መጣ። ሙጫዬ እንደዚያ ይበረታል ብዬ አላሰብኩም። እማ ጮኸች፤ ሰሌዳው ከነግድግዳው ሊወርድ ነበር። «ተይው! ተይው! ቀዳዳ ካዩ ደግሞ ቤት ሥሩልን የምንል ይመስላቸዋል!» ተመካከርንና ፋዲላ በእጇ የጠለፈችውን ነጭ የአልጋ ልብስ አምጥተን በሁለት ሚስማር አንጠልጥለን ሸፈንነው። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ሚስማሩን ከላይ እንጂ ከታች አልመታሁም። ከታች ያልመታሁት ረስቼ አይደለም። ጨርቁ ትንሽ ገለጥ ቢል፣ እንግዳ አንድ ሁለት ሥዕል ቢያይ፣ «ይህችን የምታህል ልጅ እንዲህ ታስባለች!» ቢል ምን ይጎዳል ብዬ ነው።

አጎቴ ኡበይድ ከቀወት በጠዋት ነው የመጡት። የአባቴ ታላቅ ናቸው፤ አባቴ ስለሞተ ለፋዲላ ወኪል እሳቸው ናቸው። ቤት ከገቡ ጀምሮ ያወሩት ስለ ልጃቸው ነው፤ ልጁ ሥራ የለውም፣ ባጃጅ ቢያገኝ ግን ሰው ይሆን ነበር። እማ ሻይ ሰጠቻቸው። ሻዩን ጠጡና የሻዩን ስኳር አሙ። ከዚያ ስለ ባጃጅ ቀጠሉ። እማ እሺ እሺ እያለች ምንጣፉን ትጠርጋለች። ፋዲላ ቴምሩን በሳህን ትደረድራለች፤ ትደረድርና ታፈርሰዋለች፣ እንደገና ትደረድራለች። «በቃ ነው እኮ፣ ቴምር ነው፣ አይመዘንም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዐይኗ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍርሃት አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ጀውሃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ጀውሃ በሚኒባስ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ሙሽራ ሆነሽ የሰው እናት ግቢ ከገባሽ ጥቂት ደቂቃ አይደለም። ፍራሹ ላይ ብቻዬን ልተኛ ነው ማለት ነው። ሐሳቡን ቶሎ አባረርኩት። እኔ እንደዚህ ያለ ነገር ላይ ቁጭ ብዬ የምተክዝ ሰው አይደለሁም።

ከዐስር በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው። ፊተኛው ሼህ ሰዲቅ፣ ዐይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ። ሁለተኛው የኑዕማን አጎት ጋሽ ከቢር፣ ጀውሃ ላይ የእህል መጋዘን ያላቸው፣ ሲቀመጡ ፍራሹ የሚያቃስት። ሦስተኛው ሰውዬ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አላወቅኩም፤ ቴምር ይበላ ነበር። እኛ ሴቶቹ ጓዳ ገባን። በእኛ ቤት ሽማግሌ ተቀምጦ ሴት ልጅ መሀላቸው አትቆምም፤ እናት እንኳ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ነው የምትመልሰው። እማ በአንድ በኩል፣ ፋዲላ በአንድ በኩል፣ እኔ ከሥር ተንበርክኬ፣ መጋረጃው በተቀደደበት በኩል ዐይኔን አደረግኩ።

ወሬው እንደ ደንቡ ሄደ። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቷል። ማሽላው በተምች ተጎድቷል። የማሾ ዋጋ ከአምናው ይሻላል ቢባልም ገበሬው እጅ ላይ ሲደርስ ወረድ ይላል። ሙቀቱማ አይነሳ። ሙቀቱ ሲነሳ ነው እማ በመጋረጃው ውስጥ እጇን አሾልካ፣ «ኡበይድ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እንግዶቹ አዙሩት እንጂ» ያለችው። አጎቴ ተነሥተው አዞሩት። ቬንትሌተራችን አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያመላልስ ነው። መጀመሪያ ሼህ ሰዲቅን አነፈሳቸው፣ ቀጥሎ ጋሽ ከቢርን፣ ቀጥሎ የቴምሩን ሰውዬ፤ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ጋር ደረሰና ነጩን ጨርቅ እንደ ሸራ ነፋው። ላሟ ብቅ አለች። ጨርቁ ተመልሶ ወረደ።

ጋሽ ከቢር ወሬያቸውን አቋረጡ። ቬንትሌተሩ ዞሮ ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። ጨርቁ አሁን ከፍ ብሎ ተነሣ፤ ፍሪጁና ባጃጁ ታዩ። ጋሽ ከቢር ወደ ሼህ ሰዲቅ ጎንበስ አሉ። ሹክ የሚሉ መስሏቸው ነው፤ መጋዘን ውስጥ የሚውል ሰው ሹክታ ግን እስከ አስፋልት ይሰማል።

«ሼሁ፣ ግድግዳው ላይ አይተዋል?»

«እኔ ምን አያለሁ። ምንድን ነው?»

«ሥዕል ነው። በጨርቅ ጋርደውታል፣ ሐያእ ይዟቸው፣ አፍረው መሰለኝ። ላም አለች። ፍሪጅ አለ፣ ባለ ሁለት በር። ባጃጅ።»

«እ?»

«ቆዩ፣ ነፋሱ ይመለስ... ቤት አለ። ፎቅ ነው፣ ሼሁ! መኪና። ወርቅ፣ እስከ ክርን። ሱብሐነላህ... መካም አለ።»

«መካ ምን ትሠራለች?»

«ለእናትየዋ ሐጅ ይሆናላ።»

ቬንትሌተሩ እንደገና ዞሮ ሲመጣ፣ ጋሽ ከቢር አንገታቸውን አስረዘሙና ፊታቸው ልውጥ አለ። «ሕፃናትም አሉ፤ ሁለት» አሉ። ሼህ ሰዲቅም፣ «ይህስ ከአላህ እንጂ ከኛ አይጠየቅም» አሉ። የቴምሩ ሰውዬ ማኘኩን አቆመ። ጋሽ ከቢር ከላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡላቸው፤ «ኢንሻ አላህ በዚህ ዓመት» ይላል፣ ከቃለ አጋኖ ጋር።

እኔ ከመጋረጃው ሥር መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ፤ ሰሌዳዬን አንድ በአንድ አነበቡት። ከዚያ የእማ እጅ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ነው የገባኝ።  አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ «በጋሪ መሸጥ አነሰንና» አለች፤ ጨርሳም አልጨረሰችው። ፋዲላን ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። መጋረጃውን ጨምድዳ ይዛዋለች።

አሁን አጎቴ ኡበይድ አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ያልቅ ነበር። «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው» ማለት ብቻ። ሰሌዳው የማን እንደሆነ ጠዋት ሲገቡ ጨርቁን ገልጬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዲያውም ላሟን አድንቀዋል። ጋሽ ከቢር ወደ እሳቸው ዞረው፣ «እንግዲህ ኡበይድ፣ ዘመኑ ነው። ዱሮ በዐይን ነበር፣ አሁን በፎቶ ሆነ። ፎቁንና መኪናውን አንነካውም። ፍሪጁ ይገባናል። ባጃጁም ቢሆን...» አሉና ቆም አሉ። ባጃጅ የሚለው ቃል ሲወጣ አጎቴ ተስተካክለው ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጆቹ የዘመኑ ልጆች ናቸው» አሉ። «የፈለጉትን ያውቃሉ። ባጃጁ እንኳ... ለቤተሰቡም ይጠቅማል።»

ለቤተሰቡ! እኔ መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብድግ ብዬ «የኔ ነው!» ብል ያበቃ ነበር። ምላሴን ሮቢት ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ለባጃጅ ሹፌር፣ ለመጋዘኑ ካቦ፣ ለማንም መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን የኔ ነው ብዬ ስወጣ ሦስት ሽማግሌ ያየኛል፣ ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ልጅ ፎቅና የፈረንጅ ላም ለጥፋ፤ ይስቃሉ። አጎቴም ዋሾ ሊሆኑ ነው። ከመጋረጃው ሥር እንደተንበረከክኩ ቀረሁ። ሰሌዳው ላይ ስለ ድፍረት የለጠፍኩት ምንም ነገር አልነበረም።

ሼህ ሰዲቅ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «መልካም» አሉ። «ተማክረን እንመለሳለን።»

እማ ጭኗን መታች፤ ድምፅ የሌለው ምት ነው። «ተማክረን እንመለሳለን» ማለት ሻይ ሳይጨረስ ከተባለ፣ አንመለስም ማለት ነው። ጋሽ ከቢር ለመነሣት እጃቸውን ፍራሹ ላይ ተደግፈዋል። የቴምሩ ሰውዬ አንድ ቴምር ለመንገድ ያዘ። ያን ጊዜ ነው መጋረጃው ከፊቴ ላይ የተነሣው። እማ የገፈፈችው መስሎኝ ነበር። ፋዲላ ናት። ወጥታ ሳሎኑ መሀል፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ዐይኗን መሬት ላይ አድርጋ ቆመች።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች። ድምፅዋ ለእኔ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «ግድግዳው ላይ ያለው የኔ አይደለም። የታናሽ እህቴ ጨዋታ ነው።»

ጨዋታ! ከመጋረጃው ኋላ ልቃወም አፌን ስከፍት እማ በእጇ ከደነችው።

«ፋዲላ! ግቢ ወደ ጓዳ!» አሉ አጎቴ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ተዋት፣ ኡበይድ» አሉ ሼህ ሰዲቅ። መልሰው ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ጋሽ ከቢርም ተቀመጡ፤ ፍራሹ አቃሰተ። ሼሁ የደከመ ዐይናቸውን ድምፅዋ ወደመጣበት አዞሩ። «መህር የእሷ ሐቅ ነው። ስንት ዘመን በግምት የሰው ቤት ዕቃ ስንቆጥር ኖርን፤ ባለቤቲቱን ግን አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም። በይ ልጄ። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እዚህ ላይ አለቀላት አልኩ። ፋዲላ ይህን ጥያቄ ተጠይቃ መልሳ አታውቅም። ሻሿን ወደ ግንባሯ ስትስብ አየኋት። በቃ፣ አሁን ዝም ትላለች፣ እነሱም ይወጣሉ። ቬንትሌተሩ አንድ ዙር ሄዶ ተመለሰ።

«ቁርኣን ያቅራኝ፣ ያስተምረኝ» አለች። «ኑዕማን ራሱ። አባቴ የመጨረሻውን ክፍል፣ ጁዝ ዐማን፣ ሳያስጨርሰኝ ነው የሞተው። ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ ይቀመጥና ያቅራኝ፣ እስክጨርስ።» ሻሿን አስተካከለች። «ደግሞ የራሱ በር ያለው አንድ ክፍል። እዚሁ ሮቢት፣ ኪራይም ቢሆን። ሥራዬን አልተውም። ጀውሃ እናቱ ግቢ አልገባም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

 ጋሽ ከቢር ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የኑዕማን እናት እህታቸው ናት፤ የግቢዋንም በር፣ የምላሷንም ርዝመት ያውቁታል። «ሼሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፍሪጁ ይቀለን ነበር።»

ሼህ ሰዲቅ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ይህን ኑዕማን ያውቃል?»

«ያውቃል» አለች ፋዲላ። «እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለእናቱ መናገር ፈርቶ ነው።»

«እኛ እንድንናገርለት ነዋ የላከን! እኔ ደግሞ ወርቅ ልንቆርጥ ነው ብዬ በዚህ ፀሐይ መምጣቴ» አሉ ጋሽ ከቢር። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ የቴምሩ ሰውዬ ቀድሞ ሳቀ፣ ቴምሩም አነቀው፤ ሼሁ ጀርባውን ደበደቡት፤ ከዚያ ጋሽ ከቢርም ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። አጎቴ ኡበይድ ብቻ አልሳቁም፤ ቬንትሌተሩን ያዩ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ሼህ ሰዲቅ ብርጭቆውን በዳሰሳ ፈልገው አነሡ፤ የቀረውን ሻይ እስከ አተላው ጠጡ። እማ ይህን ስታይ አፌን ለቀቀችው። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉና ዱዓ አደረጉ፤ አሚን ስንል የኔ ድምፅ ከሁሉም በለጠ። ያቺ «እዚሁ ሮቢት» ያለቻት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ስትመላለስ ነበር። 

ከሄዱ በኋላ አጎቴ ለመግሪብ መስጊድ ብለው ወጡ፤ በዚያው ወደ ቀወት ሄዱ። ግድግዳው ላይ ያለውን ባጃጅ እንኳ አልተሰናበቱትም። እማ ቴሌቪዥኑን አምጥታ ቦታው ላይ አስቀመጠችው፣ ዳንቴሉንም አለበሰችው፤ ከዚያ ያለ ምክንያት ተቀምጣ አለቀሰች፣ ያለ ምክንያትም ተነሥታ ጎረቤቶቻችንን ልታበሥር ወጣች። ፋዲላ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር።  ጨርቁን ከሚስማሩ አወረደችና በጥንቃቄ አጣጠፈችው፤ የራሷ እጅ ሥራ ነው። ሰሌዳዬ ራቁቱን ቀረ፤ አንድ ጥጉ ጠዋት ስስበው ተነሥቶ ልስኑን ተሸክሞ ተንጠልጥሏል።

ዝም ማለት አልችልም፤ ታውቁኛላችሁ። ሽማግሌዎቹ እስኪነሡ ዝም ብዬ ነበር፣ በመጋረጃ ሥር፣ ተንበርክኬ። «ሦስት ሽማግሌ ፊትሽ ቁጭ ብሎ ‹ምን ትፈልጊያለሽ› ሲልሽ» አልኳት፣ «በር አልሽ። በር! ጋሽ ከቢር ፍሪጁን እሺ ብለው ነበር እኮ፤ በራሳቸው አፍ። እኔ ብሆን አንዱንም አልለቅም ነበር። ሰው የሚፈልገውን እንደኔ ቁልጭ አድርጎ ማወቅ አለበት።»

ፋዲላ መልስ የምትሰጥ አልመሰለኝም። የመጨረሻውን ብርጭቆ ከምንጣፉ ላይ አነሣች፣ የቴምር ፍሬዎቹን በእጇ ጠራርጋ ሳህኑ ላይ አደረገች፣ ሰሌዳውንም አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ሂጂ ወዲያ!» አለችኝ። «ሰው የጣለውን ለቅመሽ ለጥፈሽ፣ ፈለግኩ ትያለሽ።»